ድግግሞሽ

ዐርብ ጧት፣ ቅርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
የብየዳ ጢስ ነው ከቤቴ የሚታይ።
ሚስቴ መስኮት ከፍታ፣ በእጇ እያራገበች፣
«ይህ ጢስ ሳንባህን ይጨርሰዋል» አለች።
እኔ ግን ከመብራቱ ሥር አቀርቅሬ
ስምንት ሳንቲም ሽቦ እቆርጣለሁ ቆጥሬ።
ሞገድ በሰከንድ ስንቴ እንደሚመላለስ ሲናገር
መጽሐፉ ድግግሞሽ ይለዋል፤
ሽቦ የሚቆረጠው በእሱ ልክ ነው፤ በግምት አይሞከር።

ሣጥኗ የእርጎ ዕቃ ነበረች ትናንትና፤
ታጥባ፣ በሲሊኮን ታሽጋ እንደገና፣
ባትሪና ጥፍር የምታህል ቺፕ በሆዷ ይዛ
ዛሬ ራዲዮ ናት፤ እንዲህ ያለችውን ከየት ሰው ይገዛ?

ሥራዋ ቀላል ነው። ሯጭ ካርታ ዘርግቶ፣
ኮምፓሱን አምኖ፣ እሾሁን ረስቶ፣
ብርቱካንማዋን ባንዲራ ከዛፍ መሐል ሲያያት፣
ጣቱ ላይ ባሰራት ቺፕ ነካ ሲያደርጋት፣
ሣጥኔ ትነቃና ቁጥሩንና ሰዓቱን
ትልካለች በአየር፣ አቋርጣ ጥሻውን።
እዚያ ማዶ አርካዲ፣ ከስክሪኑ ፊት ቆሞ፤
ወላጅ ይጋፋዋል፣ ዘመድ ወዳጅ ደግሞ።
«ስምንትን ነካ! ወጣ! ተቀደመ! ቀደመ!»
እያለ ይጮሃል ሳይሮጥ የደከመ።

እኔ እዚያ የለሁም። ውድድሩ ቅዳሜ ነው።
ቅዳሜ ሰንበት ነው። ሌላ ቃል የለኝም፤ የአባቴም ቃል ይኸው ነው።

ስለዚህ ዐርብ ቀትር ሐሩቪት ጫካ ገብቼ
ሣጥኖቼን እተክላለሁ፣ ካርታውን አይቼ፤
አንዷን ከድንጋይ ክምር፣ አንዷን ከደረቀ ጉድጓድ አፍ፣
አንዷን ከሸለቆው ማዶ፣ ከጎበጠ የሐሩብ ዛፍ።
ኮረብታ ይጋርዳል፣ እርጥብ ቅጠል ድምፅ ይጠጣል፤
አንዷ የነገረቻትን ሌላዋ ካላቀበለች፣ ቃል መንገድ ላይ ይቀራል።
«ነገ ያለ እኔ ንቂ፣ ያለ እኔም ተኚልኝ»
ብዬ መታ አደርጋታለሁ፤ «ደግሞም አታሳፍሪኝ።»

ቅዳሜ ጧት ስልኬ ጠፍታ መሳቢያ ውስጥ ተኝታለች፤
ልጄ አስናት ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጥታለች፣
በሩን ቀስ አድርጋ፣ የተኛሁ መስሏት።
«ሂጂ»ም «አትሂጂ»ም አላልኳት።
ሁለት ዓመት ሆነን በዚህ ጉዳይ ሳንነጋገር፤
እሷ ትሮጣለች፣ እኔ ሣጥን እሠራለሁ፤ ይኸው ነው የእኛ ነገር።

ሰው ሁሉ ልጄን ያያል፤ እኔ ግድግዳ አያለሁ።
አሁን ሦስተኛው ጋ ናት፣ አሁን አራተኛው፣ እላለሁ።
ዝምታ ሁለት ፊት አለው፤ ሙያዬ ነው ያስተማረኝ፦
ወይ የነካ የለም፣ ወይ ሣጥኗ ሞታለች፤
የቱ እንደሆነ ማን ይንገረኝ?

ሦስት ኮከብ ወጣ። መሳቢያው ተከፈተ።
ረጅሙ መዝገብ በስክሪኔ ላይ ተጎተተ።
አራተኛ ወጥታለች። ጥሩ። ግን እኔ የማነበው
ለሕዝብ የታየውን ሳይሆን፣ ከሥሩ ያለውን ጥሬውን ነው።
«ሯጭ ቸኩሎ ሁለቴ ቢነካ፣ ሁለተኛውን አጥፊ»
የምትል አንዲት መስመር አለች፤ ራሴ ነኝ ጸሐፊ።

የአስናት ቁጥር። ሰባተኛው ጣቢያ፣ ከሐሩቡ ዛፍ ሥር፦
አንድ ጊዜ።
ሁለት ጊዜ።
ሦስት ጊዜ።
በሰከንድ በሰከንድ፣ እንደ ዶቃ በክር።

ሕፃን ሳለች፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ፣ ደወሉ አይደርስላት፣
በሩን ሦስቴ ታንኳኳ ነበር፤ «ማነው?» ሳልል ነበር የምከፍትላት።

ሁለት ሰከንድ ለሯጭ እንዲሁ የሚጣል አይደለም፤
ሦስተኛዋ የቀደመቻት በአንድ ነው፤ ምክንያቱን ማንም አያውቅም።

ከሻወር ወጣች፣ ፀጉሯ እየተንጠባጠበ። «ሣጥኖቹ ሠሩ?» አለች።
«ሠሩ» አልኳት።
«ሰባተኛዋስ?»
«እሷማ ደህና ትሰማለች።»

አጥፊዋን መስመር አልነካኋትም። ለሕዝብ አንዷ ትበቃለች።
ሁለቱ የእኔ ናቸው።